ተርትሬ ተርትሬ ጨርቁን ጨረስኩት

«ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን፣ ከጠባሴ ነው። ልብስ መስፋት የጀመርኩት በቅርቡ ነው፤ የምሠራውም በአያቴ የእግር ሲንጀር ነው። የአገራችንን ብርድ ታውቁታላችሁና ከሹራብ ላይ የሚለበስ ሳሎፔት ቀሚስ አማረኝ፤ ሁለት ሜትር ቡናማ ኮርዶሮይ ገዝቼ ሰፋሁ። ሲያልቅ አንዱ ኪስ ካንዱ አንድ ሴንቲ ያህል ዝቅ ብሏል። ደረቱ ወደ ግራ ያዘነብላል። ማንገቻው ከትከሻዬ እየወረደ ያስቸግረኛል። ጭራሽ ፊቱና ጀርባው ከሁለት ጨርቅ የተቆረጠ ይመስላል። ዝቅ ያለውን ኪስ አራት ጊዜ ተርትሬ ሰፋሁት፤ አሁን ጨርቁ ሳስቶ ጥጉ ላይ ቀዳዳ ወጣበት። እህቴ ‹ማን ያይብሻል፣ ልበሺው› ትለኛለች። እኔ ግን ስለብሰው የሚታየኝ ጥፋቱ ብቻ ነው። ሁለት ሜትር ጂንስም ገዝቼ መቁረጡን ፈርቼ አስቀምጬዋለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ? ታናሽ እህታችሁ።»

ታናሽ እህታችሁ ብለሽ ስለፈረምሽ እኛም «አንቺ» እንበልሽ። መጀመሪያ ምላጩን አስቀምጪው። ቀሚስሽን የጎዳው የኪሱ መዛነፍ ሳይሆን አራት ጊዜ መተርተሩ ነው። እህትሽ ግማሹን እውነት ነግራሻለች፤ ግማሹ ግን የቀረ ይመስለናል። የሰፋሽው ልብስ ላይ ዝም ብለሽ የምታልፊው ጥፋት አለ፣ ዛሬውኑ የምታስተካክይውም አለ። ያንን መለየት ከቻልሽ ጂንሱን ለመቁረጥ እጅሽ አይንቀጠቀጥም።

ሳሎፔት የሚለው ቃል ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ ልብስ እንዳይቆሽሽ ከላይ የሚደረብ የሥራ ልብስ ማለት ነበር። የሥራ ልብስ ደግሞ የሚመዘነው በጥንካሬው ነው። ስለዚህ አንድ ጥፋት ስታገኚ መጀመሪያ የምትጠይቂው «ያምራል?» ብለሽ ሳይሆን «ይይዛል?» ብለሽ ነው። ማንገቻው ከወገቡ ጋር የተያያዘበት ቦታ፣ የኪስ ጥግ፣ የጎን ስፌት፣ የቁልፍ ቀዳዳ፣ እነዚህ ሸክም የሚሸከሙ ቦታዎች ናቸው። እዚህ ላይ ስፌት ከዘለለ ወይም ትርፉ ከሳሳ ይተርተርና እንደገና ይሰፋ። ቀጥሎ «ይመቸኛል?» ብለሽ ጠይቂ፦ ስትቀመጪ ይጎትታል ወይ? ብብትሽን ይቆርጣል ወይ? ይህም ይስተካከል። ከእነዚህ ሁለቱ ውጭ የቀረው ለዓይን ብቻ ነው፤ ለዓይን ተብሎ ደግሞ ከአንድ ጊዜ በላይ አይተረተርም።

አሁን ወደ ቡናማው እንመለስ። ፊቱና ጀርባው ሁለት ዓይነት ቀለም የመሰለው ኮርዶሮይ ጠጉር ስላለው ነው። እጅሽን ከላይ ወደ ታች ብታሳልፊበት በአንዱ በኩል ይለሰልሳል፣ በሌላው ይሻክራል። ጠጉሩ ወደ ላይ የቆመው ጨርቅ ብርሃኑን ስለሚውጠው ጠቆር ይላል፤ ወደ ታች የተኛው ያንጸባርቅና ነጣ ይላል። ጨርቅ ለመቆጠብ ፊቱን ወደ ላይ፣ ጀርባውን ወደ ታች አዙረሽ ቆርጠሻል ማለት ነው። ይህ የማይጠገን ጥፋት ነው፤ ደግነቱ የማያስከፋም ነው። ፊትና ጀርባ የሚገናኙት ጎን ላይ፣ ክንድሽ በሚሸፍነው ቦታ ነው። ማንም ሰው ፊትሽንና ጀርባሽን ባንድ ጊዜ አያይም። ይህንን ተዪው። ወደፊት ግን ኮርዶሮይ ስትገዢ በጨርቁ ጀርባ በየሃያ ሴንቲው በጠመኔ ቀስት ሥሪበት፤ ቁራጮቹ በሙሉ፣ ማንገቻው ሳይቀር፣ ቀስቱን ተከትለው ይቆረጣሉ።

ማንገቻው ከትከሻ የሚወርደው ርዝመቱ በዝቶ ብቻ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ጀርባ ላይ የተሰፋበት ቦታ ተራርቆ ነው። ከኋላ ከመሃሉ ግራና ቀኝ አራት አራት ሴንቲ ለክተሽ እዚያ ላይ ስፊው፤ በሁለቱ መካከል ስምንት ሴንቲ ይቀራል። የቀኙ ማንገቻ ወደ ግራ፣ የግራው ወደ ቀኝ ይሂድና ጀርባሽ ላይ በሁለቱ የትከሻ አጥንቶችሽ መሃል ይቋረጡ። ከለበስሽው በኋላ ሰው ጠርተሽ መቋረጫውን በእስፒል አስይዢ፣ ከዚያ በትንሽ አራት ማዕዘን ስፌት እሰሪው። ይህንን አታሳልፊው፤ ቀኑን ሙሉ ማንገቻ ስትጎትቺ መዋል ልብሱን ያስጠላሻል።

ደረቱ ወደ ግራ ማዘንበሉ ከሦስት ነገር ከአንዱ ነው የሚመጣው። ደረቱን በቁመቱ መሃል ላይ እጠፊው፤ ሁለቱ የላይ ጥጎች ከተገናኙ አቆራረጡ ደህና ነው። ከዚያ ከግራው ጎን ስፌት እስከ ደረቱ ዳር፣ ከቀኙም እንዲሁ ለኪ። ከግማሽ ሴንቲ በላይ ከተለያዩ ደረቱ ከመሃል ወጥቶ ተሰፍቷል። ሁለቱም እኩል ከሆኑ ጥፋቱ ማንገቻው ላይ ነው፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገሽ ቀስ ብለሽ ጎትቻቸው። አንዱ ከተሳበ በሰያፍ ወይም በማጉ በኩል የተቆረጠ ነው። ድሩ (በጨርቁ ቁመት የሚሄደው ክር) ብዙ አይለጠጥም፣ ማጉ (በወርዱ የሚሄደው) ግን ይሰጣል፤ ሰያፉማ እንደ ላስቲክ ነው። ለዚህ መፍትሔው ቀላል ነው፦ የተሳበውን ማንገቻ ቁልፍ ደረቱ ላይ ልዩነቱን ያህል ዝቅ አድርገሽ ትከዪው። ደረቱን ነቅለሽ እንደገና የምትሰፊው ልዩነቱ ከአንድ ሴንቲ ተኩል በላይ ከሆነ ብቻ ነው።

ቀዳዳ ያወጣው ኪስ ግን ይያዝ። የኪስ ጥግ እጅ በገባ በወጣ ቁጥር የሚጎተት ቦታ ነው። ጂንስ ሱሪ ላይ ያሉት የመዳብ ምስማሮች የተፈጠሩት ለዚሁ ነው፤ ጃኮብ ዴቪስ የተባለ ልብስ ሰፊ ደንበኞቹ የኪሳቸው ጥግ እየተቀደደ ሲያስቸግራቸው ጥጉን በምስማር አጠበቀው፣ በ1873 እ.ኤ.አ.ም ከሌቪ ስትራውስ ጋር የፈጠራ መብት አወጣበት። አንቺ እንዲህ አድርጊ፦ ከአሮጌ ሸሚዝ ወይም ከአቡጀዲ አምስት በአምስት ሴንቲ ቁረጪና ከውስጥ በኩል ቀዳዳው ስር አድርጊው። ኮርዶሮዩን ራሱን አትጣፊበት፣ ይወፍርና መርፌ ይሰብራል። ቀዳዳውን በእጅ መርፌ በጠባብ በጠባቡ ከልጥፉ ጋር ያዢው። ከዚያ ኪሱን አንድ ሴንቲ ከፍ አድርጊው፤ ቀዳዳው ይሸፈናል፣ ዝቅ ያለው ኪስም ከጓደኛው ይስተካከላል። ከመስፋትሽ በፊት በእጅ ረጃጅም አድርገሽ ዙሪያውን አያይዢው። አራት ጊዜ የተዛነፈብሽ በእስፒል ብቻ ይዘሽ ስለሰፋሽው ይመስለናል፤ ኮርዶሮይ በኮርዶሮይ ላይ ሲሰፋ ጠጉሩ ስለሚንሸራተት የላዩ ቁራጭ በሲንጀሩ እግር (ጨርቁን ከላይ በሚጫነው ብረት) እየተገፋ ወደፊት ይሄዳል። በክር ካልታሰረ አምስተኛውም ያው ነው። ጥጎቹ ላይ ወደ ኋላ መልሰሽ ሦስት ጊዜ ስፊበት። ከዚህ በኋላ ሁለት ሦስት ሚሊ ቢለያይ ኪሱን አትንኪው።

አሁን ጂንሱ። ከመቁረጥሽ በፊት እጠቢው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚባለው ነው፤ ሳይታጠብ የተቆረጠ ጂንስ ተሰፍቶ ከታጠበ በኋላ ያጥራል፣ ደረቱም ይጨማደዳል። ምን ያህል እንደሚሰበሰብ ለማወቅ ጨርቁ ላይ በቁመቱ 50 ሴንቲ ለክተሽ ሁለት ጫፉን በክር ምልክት አድርጊ። በሙቅ ውሃ አጥበሽ ደርቆ 48 ከሆነ በሜትር አራት ሴንቲ ሄዷል ማለት ነው፤ በዚያ ሒሳብ ሁለት ሜትርሽ 1 ሜትር ከ92 ይሆናል፣ ይበቃሻል። ብቻውን እጠቢው፤ ቀለሙ ይለቃል። ጨው መጨመር የጂንስን ቀለም አያስይዘውም፣ ጨውሽን አታባክኚ። ክረምት ላይ ደብረ ብርሃን ጨርቅ ቶሎ ስለማይደርቅ ፀሐይ የወጣበትን ቀን ጠብቂ፤ ረጠብ ያለ ጨርቅ ከተቆረጠ ሲደርቅ ልኩ ይለወጣል። ከደረቀ በኋላ ተኩሺው።

ልክሽን የምትወስጂው ከውስጥ የምትለብሽውን ሹራብ ለብሰሽ ነው። ብዙዎች በስስ ልብስ ይለኩና የውርጩ ጊዜ ሲመጣ ቀሚሱ ከሹራብ ላይ አልዘጋ ይላቸዋል። ለምሳሌ ወገብ 78፣ ዳሌ 100 አገኘሽ እንበል። ወገብ ላይ 6፣ ዳሌ ላይ 8 ሴንቲ ምቾት ጨምሪ፤ 84 እና 108 ይሆናል። ለሸዋ ሮቢት ዘመድሽ ብትሰፊ ግን ሹራብ የለም፤ ስስ ካኪ ይዘሽ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ መጨመር ይበቃል።

እነዚያን ለአራት አካፍያቸው፦ ወገብ 21፣ ከወገብ 20 ሴንቲ ዝቅ ብሎ ዳሌ 27፣ ታች ጠርዙ ላይ 33። ቁመቱ ከወገብ እስከ ጉልበት በታች 65። ጎን ላይ 1.5፣ ወገብ ላይ 1፣ ታች ለሚታጠፈው 4 ሴንቲ የስፌት ትርፍ ጨምረሽ በጋዜጣ ወይም በሲሚንቶ ወረቀት ላይ ሣይው። ከወገብ እስከ ዳሌ ያለው መስመር ለስለስ ብሎ የሚጎብጥ እንጂ ማዕዘን ያለው አይሁን። የወገብና የዳሌሽ ልዩነት ከ25 ሴንቲ በላይ ከሆነ ጀርባው ላይ ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ሴንቲ የሚሰበስብ ሾጣጣ እጥፋት ያስፈልጋል፤ ያን ያህል ደግሞ ወገቡ ላይ ጨምረሽ ቁረጪ።

ደረቱ ታች 30፣ ላይ 24፣ ቁመቱ 24፤ በዙሪያው አንድ አንድ ሴንቲ ትርፍ። የደረቱን ገበር ከጂንሱ አትቁረጪው፣ ከፖፕሊን ወይም ከአሮጌ ሸሚዝ ይሁን። ደረቱንና ቀሚሱን የሚያገናኘው የወገብ ጥብጣብ ሲያልቅ 5 ሴንቲ እንዲሆን በ7 ይቆረጣል፦ ለፊት 45 በ7 ሁለት፣ ለጀርባ 48 በ7 ሁለት። የጀርባው 3 ሴንቲ የበለጠው በግራ ጎን ቁልፍ የሚተከልበት መደረቢያ ስለሚሆን ነው። ኪስ 18 በ21፤ ሲያልቅ 16 በ17 ይሆናል። የማንገቻውን ርዝመት ለማወቅ ከኋላ ወገብሽ ላይ በሰያፍ በትከሻሽ አሳልፈሽ እስከ ደረቱ ላይኛ ጫፍ ለኪና 15 ጨምሪ። 80 ካገኘሽ 95 በ10 አድርገሽ ቁረጪ። ሁለቱን ዳር አንድ አንድ ሴንቲ ወደ ውስጥ አጥፈሽ፣ መሃል ለመሃል አጥፈሽ በሁለቱም ጠርዝ ብትሰፊው 4 ሴንቲ ይወጣዋል። እንደ ቱቦ ሰፍቶ መገልበጥ በስስ ጨርቅ ያስኬዳል፤ በጂንስ ግን ጣት ያቆስላል።

ጂንሱን ከመንካትሽ በፊት አንድ ሜትር አቡጀዲ ግዢ። ደረቱን፣ ጥብጣቡንና ቀሚሱን እስከ ዳሌ ድረስ ብቻ ከአቡጀዲው ቆርጠሽ በረጃጅም ስፌት አገጣጥሚው፤ ከሹራብ ላይ ልበሺው፤ በርጩማ ላይ ተቀመጪ፣ ጎንበስ በዪ፣ እጅሽን ወደ ላይ ዘርጊ። ስትቀመጪ ማንገቻው ትከሻሽን ከጫነ ሁለት ሦስት ሴንቲ ልቀቂለት። የደረቱ ላይኛ ጫፍ ከጎኑ ክፍት ብሎ ከቆመ ስፋቱ በዝቷል፤ ከላይ ሁለት ሴንቲ ቀንሺለት። የአቡጀዲ ጥፋት ጥፋት አይደለም፤ እላዩ ላይ በእስክሪብቶ ጻፊበት፣ ቁረጪው፣ ቀጥዪበት። ፍርሃትሽ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው።

ሲቆረጥ ሁለቱን የጨርቁን ዳሮች ወደ መሃል አምጥተሽ እጠፊው፤ ግራና ቀኝ ሁለት መታጠፊያ ይኖርሻል። የወረቀቱን የመሃል መስመር መታጠፊያው ላይ አሳርፈሽ ያንዱን መታጠፊያ ለፊት፣ ያንዱን ለጀርባ ተጠቀሚበት። ወርዱ 150 የሆነ ጂንስ ታጥቦ ወደ 145 ቢወርድ እያንዳንዱ እጥፍ 36 ሴንቲ ይሆናል፤ ያንቺ ቁራጭ ከነትርፉ 34.5 ስለሆነ ይገባል። ከታች ማንገቻው በቁመት (በድሩ)፣ ሌላው በቀረው ይወጣል። ወርዱ 115 የሆነ ጨርቅ ከሆነ ግን ፊትና ጀርባ ጎን ለጎን አይገቡምና ሁለት ሜትር ተኩል ግዢ።

ስለ ሲንጀሩ። ለጂንስ መርፌው ቁጥር 16 ይሁን፤ ካልተገኘ 14 ይሠራል፣ ወፍራሙ መገጣጠሚያ ላይ ግን ይታጠፋል። አሮጌ መርፌ ስፌት ይዘላል፤ አዲስ ቀሚስ ስትጀምሪ አዲስ መርፌ ግጠሚ። ከጨርቁ ስር ክሩ እየተተበተበ ጎጆ ሲሠራ ሁሉም ሰው የታችኛውን ክር ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ነው። የላዩ ክር በማጥበቂያው ሁለት ሳህኖች መካከል አልገባም። የሲንጀሩን እግር ከፍ አድርገሽ ክሩን እንደገና አስገቢ፤ እግሩ ከፍ ሲል ነው ሳህኖቹ የሚላቀቁት። ስትጀምሪ የሁለቱንም ክር ጫፍ ወደ ኋላ ይዘሽ የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ስፌቶች ጎማውን በእጅሽ እያዞርሽ ስፊ። ወፍራም ቦታ ላይ በእግር የሚረገጠው ማሽከርከሪያ ቀበቶ የሚንሸራተት ከሆነ ላልቷልና ይጠር።

የአሠራሩ ቅደም ተከተል ብዙ ጥፋት ያስቀራል። ኪሶቹ የሚሰፉት መጀመሪያ፣ ፊቱ ገና ጠፍጣፋ ቁራጭ ሳለ ነው። የኪሱን ልክ ያለ ካርቶን ቁረጪ፤ ኪሱን ካርቶኑ ላይ አጥፈሽ ተኩሺው። መብራት ጠፍቶ የከሰል ካውያ ከያዝሽ እርጥብ ጨርቅ ደርቢበት፣ አመድ ይረግፋል። ከዚያ ቦታውን ከላይኛው የወገብ ጠርዝና ከመሃሉ መታጠፊያ ለኪ፤ ከጎኑ አትለኪ፣ ጎኑ ተዳፋት ነው። ለምሳሌ ከወገብ 9፣ ከመሃል 5 ሴንቲ። ለሁለቱም ኪስ ባንድ ጊዜ፣ በአንድ ካርቶን፣ በደረቀ የሳሙና ስባሪ ምልክት አድርጊ። ቀጥሎ የቀኙን ጎን ሙሉ፣ የግራውን ግን ከላይ 18 ሴንቲ ክፍት ትተሽ ስፊ። ክፍቱ ከሌለ ቀሚሱ ከሹራብ ጋር በትከሻሽ አያልፍም። የክፍቱን የፊት ዳር ወደ ውስጥ አጥፊው፤ የጀርባው ዳር ላይ ደግሞ ሲያልቅ 3 ሴንቲ የሚሆን መደረቢያ ቀጥዪበት፣ ጥብጣቡ ላይ ካስቀረሽው ትርፍ ጋር አንድ መስመር እንዲሆን። ሦስት ቁልፍ ይበቃል፦ አንዱ ጥብጣቡ ላይ፣ ሁለቱ ከሱ በታች በስድስት በስድስት ሴንቲ።

ከዚያ ደረቱ ከገበሩ ጋር ይሰፋል። ላይኛው ጠርዝ ውስጥ፣ ቁልፎቹ የሚተከሉበት ቦታ ላይ፣ 6 ሴንቲ ስፋት ያለው አቡጀዲ ጨምሪበት፤ ካልሆነ ደረቱ በማንገቻው እየተጎተተ ይታጠፋል። የተሰፋው ደረት በፊተኛው ጥብጣብ ሁለት ቁራጮች መካከል ይገባል። የደረቱንም የጥብጣቡንም መሃል በሦስት ሚሊ ጭረት ምልክት አድርገሽ መሃል ለመሃል አጋጥሚ፤ ደረት የሚያዘነብለው እዚህ ላይ ሲቸኮል ነው።

አስቸጋሪው ቦታ ጥብጣቡ፣ ደረቱና ቀሚሱ የሚገናኙበት ጥግ ነው፤ ጂንስ ብቻ አራት አምስት ድርብ ይሆናል። የስፌት ትርፎቹን እንደ ደረጃ ቁረጪያቸው፤ አንዱን 4 ሚሊ፣ ሌላውን 7 ሚሊ፣ የመጨረሻውን ሙሉ ተዪው። ከዚያ ጥጉን በጨርቅ ጠቅልለሽ ጠንካራ ነገር ላይ አስቀምጠሽ በዘነዘና ወይም በመዶሻ ቀስ እያልሽ ምቺው፤ ክሮቹ ይደቁና መርፌው ያልፋል። ሲንጀሩ ወደ ጉብታው ሲደርስ እግሩ ወደ ላይ ያዘነብላል፣ ስፌት የሚዘለውም ያኔ ነው። ከእግሩ ኋላ በኩል የታጠፈ ካርቶን ወይም የጂንስ ቁራጭ አስገቢ፤ እግሩ ከተስተካከለ ስፌቱ አይዘልም። ጉብታውን በእግርሽ ሳይሆን ጎማውን በእጅሽ እያዞርሽ እለፊው።

የላይ ስፌቱ ክር እንደ ሱቅ ጂንስ ቢጫ መሆን አለበት ብለሽ አታስቢ። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀሚሶች የጨርቁን ቀለም የሚመስል ክር እንድትይዥ አጥብቀን እንመክርሻለን። ቢጫ ክር በሰማያዊ ጨርቅ ላይ ሚሊ ሜትር መዛነፍን ከሩቅ ያሳያል፤ ሰማያዊ ክር ግን ሦስት ሚሊ ቢዛነፍም ጨርቁ ውስጥ ይገባል። ጎላ እንዲል ከፈለግሽ ሁለት ተራ ክር ባንድ መርፌ አስገቢ፣ የስፌቱን ርዝመት ወደ 3.5 ሚሊ ክፈቺ፣ ከታች ተራ ክር ይሁን፤ የላዩንም ማጥበቂያ ትንሽ አላዪው።

የእግር ሲንጀርሽ ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ ስለሚሰፋ የቁልፍ ቀዳዳውን በእጅ ነው የምትሠሪው። ቁልፉ 18 ሚሊ ከሆነ ቀዳዳው 21 ይሁን። መጀመሪያ በሲንጀር በትናንሽ ስፌት 21 በ4 ሚሊ የሆነ ጠባብ አራት ማዕዘን ስፊ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ መሃሉን ቁረጪ። ተቃራኒውን ካደረግሽ ክሩ ይተረተራል። ጠርዙን በድርብ ክር፣ በእያንዳንዱ ስፌት ቋጠሮው ወደ ተቆረጠው በኩል እንዲያርፍ እያደረግሽ አስኪጂው። የመጀመሪያው አያምርም። ስለዚህ በቁራጭ ላይ ሁለት ሦስት ከተለማመድሽ በኋላ ቀሚሱ ላይ ስትጀምሪ ከታችኛው ቁልፍ ጀምሪ፤ ላይኛው፣ ዓይን የሚያርፍበት፣ ሦስተኛሽ ይሆናል።

ሲጨርሱ የሚታዩ ጥፋቶች ይኖራሉ፤ እንዴት እንደምታሳልፊያቸው እንንገርሽ። ሰፍተሽ በጨረስሽበት ሰዓት ስለ ቀሚሱ አትፍረጂ። ሙሉ ቀን ዓይንሽ ከአንድ ሴንቲ ሳይርቅ ስለዋለ ሌላ ነገር አያይም። ምስማር ላይ ስቀዪውና በማግሥቱ በቀን ብርሃን፣ ከሁለት እርምጃ ርቀት ተመልከቺው፤ ሰው የሚያይሽ ከዚያ አይቀርብምና። ከዚያ ርቀት ፈልገሽ የምታገኚው ጥፋት ይቅር፣ ሳትፈልጊው ዓይንሽ ላይ የሚመጣ ከሆነ ይታረም። የላይ ስፌት መንቀጥቀጥ፣ የታችኛው ጠርዝ እጥፍ በግማሽ ሴንቲ መለያየት፣ የገበሩ ውስጥ መጨማደድ፣ የማንገቻ ስፋት በሁለት ሚሊ መብለጥ፣ እነዚህን ሁሉ ከሱቅ በተገዛ ልብስ ላይ ታገኚያቸዋለሽ። ገበያ ሄደሽ ሰልባጅ ከተዘረጋበት አንድ ጂንስ አንሺና የውስጥ ስፌቱን ገልብጠሽ ተመልከቺ፤ እኩል ያልሆነ ትርፍ፣ ሁለት ጊዜ የተሰፋ መስመር አይጠፋም። የብረት ማያያዣና የጂንስ ቁልፍም ከዚያው ታገኚያለሽ፤ አሮጌ ሳሎፔት ገዝቶ ማያያዣዎቹን መንቀል ከአዲስ ይረክሳል።

ስህተቱ ዓይን ላይ ከመጣና መጠገን ካለበት ደግሞ ሁልጊዜ መተርተር መፍትሔ አይደለም። መቀስ ስቶ ደረቱ ላይ ቀዳዳ ከወጣ የደረት ኪስ እላዩ ላይ ይሰፋል። ቀሚሱ ካጠረ ከሌላ ጨርቅ ስምንት ሴንቲ ቅጥያ ታች ላይ ጨምሪና ከዚያው ጨርቅ የኪስ አፉን ድገሚበት፤ ታስቦበት የተሠራ ይሆናል። አንድ ቦታ ብቻ የታየ ቁራጭ ልጥፍ ይመስላል፣ ሁለት ቦታ ከተደገመ ጌጥ ነው።

መተርተር ግድ ከሆነ ከታችኛው ክር በኩል በየሦስት ስፌቱ አንዱን ቁረጪ፤ ከዚያ ጨርቁን ገልብጠሽ የላዩን ክር ስትስቢው ሙሉው ይወጣልሻል። ሁለቱን ጨርቅ በጉልበት ግራና ቀኝ አትጎትቺ፣ ድሩ የሚሳሳው ያኔ ነው። የተተረተረውን ቦታ በእርጥብ ጨርቅ ተኩሺው፤ የጂንስ መርፌ ቀዳዳዎች በአብዛኛው ይዘጋሉ። ኮርዶሮይ ከሆነ ፎጣ ላይ ገልብጠሽ በጀርባው በኩል ተኩሺ፤ በፊቱ ከተተኮሰ ጠጉሩ ይተኛል።

የታችኛውን ጠርዝ ለመጨረሻ አስቀሪው። ቀሚሱን በማንገቻው ሰቅለሽ አንድ ሌሊት አሳድሪው፤ ጎኖቹ ተዳፋት ስለሆኑ በክብደታቸው ትንሽ ይወርዳሉ። በማግሥቱ ሹራብሽን፣ ካልሲሽንና የምትጫሚውን ጫማ አድርገሽ ልበሺው፤ እህትሽ ከመሬት ወደ ላይ በሜትር እየለካች ዙሪያውን በሳሙና ምልክት ታድርግልሽ። ጎኑ ላይ አንድ ሴንቲ የወረደ ካለ ቆርጠሽ አስተካክዪው፣ አራት ሴንቲውን ሁለት ጊዜ አጥፈሽ ስፊ። የማንገቻው ቁልፍ የሚተከለውም ያኔ፣ እዚያው ቆመሽ ነው፤ አንደኛውን ከተከልሽ በኋላ ሁለተኛውን በለበስሽበት ለኪው፤ የሁለቱ ትከሻሽ ከፍታ አንድ ላይሆን ስለሚችል ማንገቻዎቹ እኩል ሳይሆኑ ደረቱ ቀጥ ብሎ ሊቆምልሽ ይችላል።